ዱባይ፦ የማይጠወልገው ሣር ሲነሳ

በነሐሴ ዱባይ ውስጥ ከቀዝቃዛው ሳሎን ወደ ግቢ ብቅ ሲሉ መነጽርዎ ወዲያው ጉም ይለብሳል። የቪላዎቹ ግቢ ግን በዚያ ወበቅም አረንጓዴ ነው፤ ሣሩ ፕላስቲክ ነዋ! እኩለ ቀን ላይ በባዶ እግር አይረገጥም፤ ልጆች የሚወጡት ሲመሽ ነው።

ቀድሞ የሚከዳው መገጣጠሚያው ነው። ሙቀትና እርጥበት ሲፈራረቁበት ማጣበቂያው ይለቅና ጠርዙ ይነሳል፤ የሚሮጥ ሕፃንም ያደናቅፋል። ጠጋኞች በማለዳ ይመጣሉ። ከሰኔ 8 ጀምሮ ለሦስት ወር፣ በቀን ከ6፡30 እስከ 9፡00 ሰዓት ፀሐይ ላይ መሥራት በሕግ ክልክል ነው፤ ደግ ሕግ ነው። ጠርዙን ገልጠው አሮጌውን ማጣበቂያ ይፍቃሉ፣ ሥሩን ያደርቃሉ፣ አዲስ የመገጣጠሚያ ጨርቅ አንጥፈው ያጣብቁና የአሸዋ ከረጢት ይጭኑበታል። እርጥብ ላይ መለጠፍ ገንዘብ መጣል ነው። ቁራጭ ከተተካ ደግሞ የሣሩ ዝንባሌ ከነባሩ ጋር ይግጠም፤ አለዚያ ጥገናው ከሩቅ ያስታውቃል።

የቀለጠ ቦታ ካዩ ግን ቀና ብለው መስኮቱን ይመልከቱ። ሙቀት መላሽ መስታወት የፀሐይን ጨረር ሰብስቦ አንድ ቦታ ላይ ሲጥል ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል። መስኮቱ ከውጭ ካልተከለለ አዲሱም ቁራጭ አይተርፍም።