«ዶክተር፣ ልጁ አላማረኝም»

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ በሽታ ሳይሆን ስለ አንድ ቃል ነው። ሆስፒታል ገብታችሁ ሰው አስታምማችሁ ከሆነ ቃሉን ታውቁታላችሁ።

ኢንተርን እያለሁ ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ የቀዶ ሕክምና ዎርድ ተረኛ የነበሩት ሲስተር ጠሩኝ። በሙያው ከሃያ ዓመት በላይ የቆዩ ናቸው። «ዶክተር፣ ዘጠኝ ቁጥር ላይ ያለው ልጅ አላማረኝም» አሉኝ። ልጁ ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ኦፕራሲዮን ከተደረገ ሁለተኛ ቀኑ ነበር።

«ቪታል ሳይኑ ስንት ነው?» ግፊቱ 110/70፣ የልብ ምቱ 96፣ ሙቀቱ 37.4። «ታዲያ ምኑ ነው ያላማረዎት?»

ትንሽ ዝም አሉና «እንጃ። ማታ መድኃኒት ስሰጠው ሲቀልድብኝ ነበር። አሁን ዝም ብሏል። አንሶላውን ይነካካል፤ እግሩም ቀዝቅዟል» አሉኝ።

ሄጄ አየሁት፤ አየሁት ከማለት በሩ ላይ ቆምኩ ማለት ይቀላል። ቁጥሩ ደህና ስለነበር «እንከታተለው» ብዬ ወደ ድንገተኛ ክፍል ተመለስኩ። እዚያም ሰው ተደርድሮ እየጠበቀኝ ነበር። ይህን የምለው ለማመካኘት አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለማመካኘትም ነው።

አሥር ሰዓት ላይ ግፊቱ 70/40 ደርሶ በሩጫ ተጠራሁ። ኢንፌክሽኑ መላ ሰውነቱን አዳክሞት ነበር፤ ሴፕሲስ የምንለው ነው። ግሉኮስ፣ ኦክስጅን፣ ሌላ አንቲባዮቲክ፣ ሲኒየር ሐኪም ይጠራ ተባለ። ሲነጋ እንደገና ኦፕራሲዮን ክፍል ገባ። ተርፏል። ከሆስፒታል የወጣው ግን ከአንድ ወር በኋላ ነው። ሲስተር «ነግሬሽ ነበር» አላሉኝም። ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን የማውቀውን ልንገራችሁ። የወጣት ሰውነት ደም ሲያጥረው የእጅና የእግር ደም ሥሮችን አጥብቦ ግፊቱን ለተወሰነ ሰዓት ይዞ ያቆየዋል። ስለዚህ መለኪያው «ደህና ነው» እያለ እግሩ ይቀዘቅዛል፤ አእምሮውም ይለወጣል። ሲስተር ያዩት ይህንኑ ነበር። እኔ መለኪያውን አመንኩ።

ይህ «አላማረኝም» የሚባለው ነገር ጥናት ተደርጎበታል። በ2015 የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች የ18 ጥናቶችን ውጤት ሰብስበው ነርሶችን የሚያሰጋቸው ምን እንደሆነ ፈትሸዋል። የአተነፋፈስ ለውጥ፣ የቆዳ መገርጣትና መቀዝቀዝ፣ መቃዠት፣ መቁነጥነጥ፣ ሕመም መባባስ፣ ታካሚው ራሱ «ደህና አይደለሁም» ማለቱ ይገኙበታል። ነርሷ ምክንያቱን መናገር ሳትችል «የሆነ ነገር አለ» ማለቷም ከምልክቶቹ ተቆጥሯል። ስጋቱ ቪታል ሳይን ሳይለወጥም ሊመጣ እንደሚችል ጽፈዋል። ያን ሳነብ ዘጠኝ ቁጥር አልጋ ትዝ አለኝ።

ግን «ማታ ሲቀልድ ነበር» ለማለት ማታ አጠገቡ መቆም ያስፈልጋል። ያን ሌሊት ከሠላሳ በላይ አልጋ የያዙት ሁለት ነርሶች ነበሩ። አሜሪካዊቷ ነርስና ተመራማሪ ሊንዳ ኤይከን ከባልደረቦቿ ጋር በፔንሲልቬንያ 168 ሆስፒታሎች ያካሄደችው ጥናት በ2002 ታትሟል። አንዲት ነርስ በምትይዘው ላይ አንድ ታካሚ በተጨመረ ቁጥር ኦፕራሲዮን የተደረጉ ሰዎች በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድል በ7 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። የነርሶቹ በሥራ ተሰላችቶ የመዛል ዕድል ደግሞ በ23 በመቶ። ስለዚህ «ነርሷ ተቆጣችኝ» ብላችሁ ስትነግሩኝ ቁጣውን ባልደግፍም ከየት እንደሚመጣ ይገባኛል።

በእኛ አገር ታማሚውን ቀንም ሌሊትም የሚያየው አስታማሚ ነው፤ ስለዚህ ቃሉ የእናንተም ነው። ስትናገሩ «ደከም ብሏል» ብቻ አትበሉ። ምን እንደተለወጠና ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ተናገሩ፦ «ከሰዓት ያወራኝ ነበር፣ አሁን የምለው አይገባውም»፣ «ከጠዋት ጀምሮ ሽንት አልሸናም»፣ «እየቀዘቀዘ ያልበዋል»፣ «ትንፋሹ ፈጥኗል»። ስለ ጎብኚ ሰዓትና ስለ ምግብ የምትጠይቁ ከሆነ ሲስተሯ መድኃኒት ቀድታ እስክትጨርስ ጠብቁ፤ ለዚህ ግን አትጠብቁ። መልስ ካጣችሁ «ተረኛ ሐኪም ይጠራልን» በሉ፤ ሁለተኛም ሦስተኛም በሉ። ሐኪሙ እንቅልፍ ያጣች ኢንተርን ሆና በሩ ላይ ከቆመች ደግሞ «እባክሽ ግቢና እግሩን ንኪው» በሏት።

አስታማሚ ሆናችሁ «አላማረኝም» ያላችሁበት ቀን ካለ፣ ምን እንደተመለሰላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ነርሶችም ካላችሁ የእናንተን ማንበብ እፈልጋለሁ።