ስለ አንዲት ሸራ ለባሽ ላንድሮቨር

የቤት ንብረት ሁሉ ለባለቤቱ ያገለግላል፤ ሰው ስም የሚያወጣለት ግን ጥቂቱን ብቻ ነው። በሬ ስም ይወጣለታል፤ በቅሎም ስም ይወጣላታል። በእኛ አገር፣ በደባርቅና በዳባት፣ ወደ ላይም በጃናሞራና በደረስጌ፣ ከበሬና ከበቅሎ ቀጥሎ ስም ለማግኘት የበቃችው ላንድሮቨር ሳትሆን አትቀርም። የአባቴ መኪና «ሸራ ለባሽ» ትባል ነበር። የታርጋ ቁጥሯን የሚያስታውስ አልነበረም፤ ስሟን ግን በየጋራው ያለ እረኛ ሁሉ ያውቀዋል። ይህችን መኪና እኔና ወንድሞቼ አድሰን ስለ ሸጥናት፣ አሮጌ መኪና አድሶ መሸጥ ምን ዓይነት ሥራ እንደ ሆነ ለአንባቢ ለመግለጥ አሰብሁ። ብዙ ሰው እንደሚገምተው የብረት ሥራ ብቻ አይደለምና።

በመጀመሪያ ስለ ዘሯ ጥቂት ቃል ልናገር። ላንድሮቨር በዓለም ፊት የታየችው በሚያዝያ 1940 ዓ.ም. በሆላንድ አገር፣ በአምስተርዳም ከተማ በተደረገው የመኪና ትርኢት ላይ ነው። ጊዜው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ አገር ብረት በራሽን የሚታደልበት ስለ ነበር፣ ፋብሪካው ቆዳዋን ከአሉሚኒየም ቅይጥ፣ አጥንቷን ማለት ሻንሲዋን ግን ከብረት ሠራው። ስለዚህ ላንድሮቨር ስታረጅ የሚበላው ከውስጥ ያለው አጥንቷ ነው፤ ከላይ ሲያዩአት ደኅና የምትመስለው፣ ከሥር ገብተው ሲመረምሩአት በዝገት ተቦርቡራ ልትገኝ ትችላለች። የእኛይቱ ከሁለተኛው ዘር ወገን ከአጭሮቹ አንዷ ነበረች። በፊትና በኋላ ጎማዎቿ መካከል ያለው ርቀት 88 ኢንች ነው፤ የፊት መብራቶቿም በኋላ እንደ መጡት በፓራፋንጎው ላይ ሳይሆን በመካከል ተጠጋግተው የተቀመጡ ናቸው። አባቴ የገዙአት አንድ መሥሪያ ቤት በሐራጅ ሲሸጣት ነበር።

ጣራዋ ሸራ ነው። ሸራው በብረት ቀስቶች ላይ ተወጥሮ በገመድ ይታሰራል፤ ገመዱ ሲፈታ ይጠቀለላል። የፊት መስተዋቷም ማሰሪያው ሲላላ በኮፋኖው ላይ ይተኛል። በባሕር ማዶ ጣራው የሚገለጥ መኪና የባለጠጋ መንሸራሸሪያ ነው፤ ባለቤቱ ፀሐይና ነፋስ ለመቀበል ብሎ ይገልጠዋል። አባቴ ግን የሚገልጡት የገብስ ጆንያ ከፍ ብሎ እንዲጫን፣ በጎቹም እንዳይታፈኑ ነበር። ለሙሽሮች ሲሆን ግን ያለ ጭነት ይገልጡላቸዋል፤ የስሜን ብርድ እንኳ ሙሽራን አይበርደውም ብለው ይሥቁ ነበር።

የአባቴ ብልሃት በይበልጥ የሚታየው በዳገቱ ላይ ነው። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ አላት፤ በሳንቃ በርና በጨነቅ አልፎ ወደ ጃናሞራ የሚወስደው መንገድ ደግሞ በቧሂት በር ላይ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። በዚያ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በሲሶ ያህል የሳሳ ነው። ሞተርም እንደ ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል፤ የሚገባው አየር ሲያንስ ቤንዚኑ ይበዛበትና ጥቁር ጢስ ያስተፋዋል፣ ካንዴላውም ጥላሸት ይለብሳል። አባቴ በካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የምታሳልፈውን ትንሽ ናስ አውጥተው፣ ቀዳዳዋ በጠበበ ሌላ ይለውጡአት ነበር። ወደ ጎንደር ሲወርዱ ደግሞ የፊተኛይቱን ይመልሱአታል። የተረፈችው ናስ በክብሪት ሳጥን ውስጥ ሆና በደረት ኪሳቸው ትቀመጣለች፤ እኛ ልጆቹ እንዳንነካት ታዝዘን ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። በጋራዥ ውስጥ የሚነገረው አማርኛ ምን ያህል ጣሊያንኛ እንደ ተቀላቀለበት ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁን? ካንዴላ፣ ቦቢና፣ ባሌስትራ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ባትላሜራ፣ ሁሉም የዚያ ቋንቋ ነው። በሊማሊሞ ገደል ላይ እየተጠማዘዘ የሚወርደውን መንገድ ያሠሩትም ጣሊያኖች ናቸው። በወልቅፊት የነበረው ጦራቸው በመስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ፤ መንገዱና የጋራዡ ቃላት ግን እዚሁ ቀሩ። የእኛ ሰው ለጦሩ አልተገዛም፤ ከቃላቱ ግን የሚጠቅመውን መርጦ አስቀረ።

አባቴ በ2005 ዓ.ም. ዐረፉ። መኪናዪቱ ከቤታችን በስተጀርባ ከባሕር ዛፉ ሥር ቆመች፤ ሸራዋን ዝናብ በሰበሰው፣ በወንበሯም ላይ ዶሮ ይፈለፍልበት ጀመር። ስለ እርሷ ማንም ያነሣ አልነበረም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ዳባት አካባቢ በደረሰ ጊዜ ግን፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸውን እናታችንን ወደ ጎንደር የምናወርድበት አጣን። ሰው እየለመንሁ በማደርበት በዚያ ሌሊት፣ የስንቱን ሰው እናት ሐኪም ቤት ያደረሰች መኪና በገዛ ጓሯችን ተኝታ ነበር። በመጨረሻ አንድ ጎረቤት በጭነት መኪናው ላይ አሳፈረልን፤ እግዚአብሔር ይስጠው።

ነገሩ ሁሉ ከረጋ በኋላ፣ በ2014 ዓ.ም. ቤተ ሰብ ተሰበሰበ። ታላቅ ወንድሜ እንሽጣት አለ። ትንሿ እኅታችን ትምህርቷን ለመጨረስ ገንዘብ ያስፈልጋት ነበር፤ የእናታችንም ቤት ጣራ ያፈስሳል። እኔ ግን አቆይተን እናድሳት የሚል ሐሳብ ነበረኝ። እናታችን ሁለታችንንም ካዳመጡ በኋላ፣ «ልጆቼ፣ ብትሸጡአትም እኔ አልከለክልም፤ መጀመሪያ ግን አስነሡልኝና ድምፅዋን አሰሙኝ» አሉ። በዚህ ቃል ሁለታችንም ያሰብነው ተፈጸመ፤ እርሱም መሸጡን፣ እኔም ማደሱን አገኘን።

እድሳቱ ሁለት ዓመት ፈጀ፤ ከደመወዝ በሚተርፍ ገንዘብ የሚሠራ ነገር ከዚህ አይፈጥንም። የጎደለው ዕቃ ከአዲስ አበባ፣ ከመርካቶ ሶማሌ ተራ እየተፈለገ በአውቶቡስ ይመጣልን ነበር። ሞተሩ ብዙ አላስቸገረም። የከፋው በሞተሩና በነጂው እግር መካከል ያለው ግድግዳ ነበር፤ ከታች በዝገት ተበልቶ በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል። ባትላሜራው ሽማግሌና በሥራው የታወቀ ሰው ነው። «ልጄ፣ የምትሸጡት ከሆነ ስቱኮ እንሙላውና ቀለም እንቀባው፤ ማን ያየዋል?» አለኝ። በሙያው ልማድ ይህ እንደ ነውር አይቈጠርም፤ ሻጭም ሁሉ ያደርገዋል። ታላቅ ወንድሜ ግን፣ «ጋሼ፣ የሚነዳት ሰው በሊማሊሞ ቁልቁለት ላይ ያየዋል» አለው። የፍሬኑና የፍሪሲዮኑ ፔዳል የሚታሠረው በዚያው ግድግዳ ላይ ነውና። ግድግዳው ተቈርጦ በአዲስ ላሜራ ተተካ፤ ለዚህ ብቻ ሦስት ወር ጠበቅን። ለራስ የሚጠገነውን ዕቃ ጉድለቱን ያውቁታልና እየተጠነቀቁ ይይዙታል፤ ለሌላ ሰው የሚጠገነው ግን ጉድለቱን ለማያውቅ እጅ ስለሚሰጥ፣ የበለጠ እውነት ይፈልጋል። ይህን የተማርሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከወንድሜ ነው።

በግራ ፓራፋንጎዋ ላይ አባቴ የለጠፉት አንድ ቊራጭ ነበር። ድንጋይ በቀደደው ጊዜ የእናቴን አሮጌ የአሉሚኒየም ድስት ቈርጠው፣ በሪቬት መትተው ነው የደፈኑት። ባትላሜራው ሊያነሣው ቢፈልግም አስተውነው። ጠንካራ ነው፤ አይዝግምም። የቀረውን ምክንያት አንባቢ ራሱ ይገምተዋል።

ሞተሩ የተነሣ ዕለት እናታችን በርጩማ ላይ ተቀምጠው አዳመጡ። ጥቂት ቆይተው «ከፍ አድርጉት» አሉ፤ ከዚያም ነጠላቸውን በፊታቸው ላይ መለሱ።

ሥራው በሚያልቅበት ጊዜ ብዙ ወዳጆቼ፣ እንዲህ ከደከማችሁባት በኋላ እንዴት ለሌላ ትሰጡአታላችሁ ይሉኝ ነበር። የደረስጌ አገር ሰው ይህን ባይጠይቅ ይሻለው ነበር። ደረስጌ ማርያምን ያሠሩአት ደጃዝማች ውቤ ናቸው፤ ዘውድ ሊደፉባት አስበው ነበር። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ግን በዚያው አገር በጦርነት ድል ሆኑና፣ ካሣ ኃይሉ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ነገሡባት። ቤተ ክርስቲያኒቱም የማነሽ ሳትባል ለሁሉ ታገለግላለች። እርግጥ ነው፣ ውቤ ወድደው አልተዉአትም፤ እኛ ግን ወድደን ነው።

ስለ ገበያው ብዙ የምለው የለኝም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪናዎች ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚህ ምክንያት በአገር ውስጥ ያለው አሮጌ ሁሉ ዋጋው ወጣ። በውጭ አገርም ቢሆን ፋብሪካው ራሱ እ.ኤ.አ. በ2016 የመጀመሪያዎቹን ላንድሮቨሮች እየሰበሰበ አድሶ መሸጥ ጀምሯል። ወሬው ደላሎች ዘንድ ስለ ደረሰ፣ አንዱ ሞተሯን ብቻ ነቅሎ ለመውሰድ፣ ሌላው ከነሸራዋ የሆቴል በር ላይ ለማቆም ተመኘ። የገዛት ግን አሮጌ መኪና የሚወድ የአዲስ አበባ ሰው ነው። ከሥሯ ገብቶ በባትሪ መብራት አንድ ሰዓት ሙሉ መረመራት። የተበየደውን፣ የተተካውንና ያልነካነውን አንድ በአንድ ጽፈን ሰጠነው። ድስቱን አይቶ፣ «ይህንስ ሳላነሣው አልቀርም» አለ። መብቱ ነው።

ከዚያ በኋላ የነበረው የወረቀት ሥራ ነው። ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ወጣ፤ ቦሎዋ ታደሰ፤ ውሉ በውልና ማስረጃ ፊት ተፈረመ፤ ሊብሬውም በገዢው ስም ተዛወረ። አባቴ ግን ለጭነትና ለዳገት ብዙ ቀን ሲደክሙ እንጂ ለወረቀት ሲጨነቁ አይቻቸው አላውቅም። ዋጋውን እዚህ ብጽፈው ለአንዱ ብዙ፣ ለሌላው ጥቂት ይመስለዋልና እተወዋለሁ። ግማሹ የእናታችን ሆነ፤ ቀሪውን አራታችን እኩል ተካፈልን። ጣራው በአዲስ ቆርቆሮ ተመታ፤ እኅታችንም ወደ ትምህርቷ ተመለሰች።

መኪናዪቱ ከሄደች ከአንድ ወር በኋላ ገዢው ስልክ ደወለ። ሞተሩን በእጅ አዙሮ የሚያስነሣው ብረት፣ ማኖቬላው፣ ከዕቃዎቹ መካከል አልተገኘም አለ። ወዴት እንዳለ ዐወቅሁት፤ እናታችን ለብዙ ዓመት ማታ ማታ የጓሮውን በር የሚደግፉበት ብረት እርሱ ነበር። ነገሩን ስነግራቸው፣ «ይውሰደው እንጂ፣ የእርሷ ዕቃ ነው» ብለው ከበሩ ላይ አንሥተው ሰጡኝ። በአሮጌው ሸራ ቊራጭ ጠቅልዬ ለጎንደር አውቶቡስ ረዳት አስረከብሁት። ለበሩም ከባሕር ዛፍ መወርወሪያ ጠርቤ ሰጠኋቸው።