ለጭቃ ብለን የወጣነው መንገድ

ውድ አንባቢ፣ ልጅ ካለዎት አንድ ቀን ስሙን እንኳ በቅጡ መጥራት የማይችሉትን ነገር ወድዶ ይመጣብዎታል። የእኔ የበኩር ልጅ በአሥራ አራት ዓመቱ ይዞብኝ የመጣው “ሳይክሎክሮስ” የሚባል ነገር ነው። እግር ኳስ ቢሆን አውቀዋለሁ። ሩጫ ቢሆንማ ማን ይከለክለዋል? የኃይሌና የደራርቱ አገር ሰዎች አይደለን? እርሱ ግን ብስክሌት ተሸክሞ ጭቃ ውስጥ የሚሮጥበትን ውድድር መረጠ።

“ተሸክሞ” ያልኩት ተሳስቼ አይደለም። ሳይክሎክሮስ ሣር፣ አሸዋ፣ ጭቃና ዳገት ባለበት ሜዳ ላይ ከሁለት ተኩል እስከ ሦስት ተኩል ኪሎ ሜትር የሚሆን መስመር ተዘርግቶ ያንኑ እየደጋገሙ የሚዞሩበት የብስክሌት ውድድር ነው። በመስመሩ ላይ እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያላቸው የጣውላ መሰናክሎች ይቆማሉ። ተወዳዳሪው ከብስክሌቱ ዘልሎ ይወርዳል፤ ብስክሌቱን አንሥቶ መሰናክሉን ያልፋል፤ መልሶ ዘልሎ ይወጣል። ዳገቱ ከከፋ በትከሻው ተሸክሞ ይሮጣል። ፈረንሳዮች የመጀመሪያውን ብሔራዊ ሻምፒዮና ያደረጉት በ1902 እ.ኤ.አ. ነው። የዓለም ሻምፒዮናው በ1950 ፓሪስ ላይ ሲጀመር ያሸነፈው ዣን ሮቢክ ከሦስት ዓመት በፊት የቱር ደ ፍራንስ ባለ ድል የነበረ ሰው ነው። ዛሬ ዋና አገሩ ቤልጂየም ነች። የሚካሄደውም ሰው ሁሉ ቤቱ በሚሰበሰብበት በብርዱ ወራት ነው። ዘነበ፣ ቀዘቀዘ ተብሎ የሚሰረዘው ከስንት አንዴ ነው፤ እንዲያውም ጭቃው ሲበዛ ደስ የሚላቸው ይመስለኛል።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት ኋላ ነው። ያን ጊዜ የማውቀው ልብሱን ሳጥብ የሚወጣውን አፈር ብቻ ነበር።

የምንኖረው በሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ከተማ ነው። እኔ በአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ተረኛ ሆኜ እሠራለሁ፤ ባለቤቴ ሾፌር ነው። ልጄ ለሁለት ዓመት ሲወዳደር እኔ አንድም ቀን አላየሁትም። ሦስት ጊዜ “እመጣለሁ” ብዬ ሦስቱንም ጊዜ ቀርቻለሁ። አንዴ ሥራ፣ አንዴ እንቅልፍ፣ አንዴ ደግሞ ለቅሶ። ልጄ አልተቆጣም። አለመቆጣቱ ነው የጎዳኝ። በአራተኛው “ትመጫለሽ?” ብሎ መጠየቁንም ተወው።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ በኅዳር ማብቂያ፣ ማዲሰን አካባቢ አንድ ውድድር ነበረበት። ማዲሰን የዊስከንሲን ዋና ከተማ ስትሆን ከእኛ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። አካባቢው የብስክሌት አገር ነው፤ አጠገቧ ባለችው ቬሮና በ2012 እና በ2013 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይክሎክሮስ ሻምፒዮና ተካሂዷል። ውድድሩ ቅዳሜ ዕለት ነበር። እሑድ ቢሆን ኖሮ በቤታችን ሌላ ክርክር ይነሣ ነበርና በዚህ ዕድለኞች ነን። የሚያደርሰው ባለቤቴ ነበር፤ ዐርብ ማታ ግን የሥራ ሰዓቱ ተለወጠ። እኔም ሳላስበው “እኔ እወስደዋለሁ” አልኩ። ባለቤቴ በመስኮት ወደ ውጭ ተመልክቶ “ለጭቃ ብላችሁ ነው እንዴ የምትሞቱት?” አለኝ። ተጣላን። እውነቱን ለመናገር፣ መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት በሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ በበረዶ ጊዜ ከቤቴ እስከ ሥራዬ ካለችው የሃያ ደቂቃ መንገድ ሌላ ነድቼ አላውቅም ነበር።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ተነሣን። ብስክሌቱን ከኋላ ወንበር ላይ አጋደምነው። በሶ በጥብጬለት፣ ዳቦ ቆሎ ቋጥሬ፣ ሻይ በፔርሙስ ይዤ ነበር። ብርድ ልብስና አካፋ የጫነው ባለቤቴ ነው፤ አኩርፎም ቢሆን ጫነ። ሴንት ክሮይ የተባለውን ወንዝ ተሻግረን ዊስከንሲን ስንገባ ደቃቅ በረዶ ይወርድ ነበር። ኦ ክሌርን ስናልፍ ግን ወደ ዝናብ ተለወጠ። እኔም የዋህ፣ “ተመስገን፣ በረዶው ቆመ” አልኩ።

እዚህ ላይ ልንገርዎት። በብርድ አገር ከበረዶ ይልቅ የሚያስፈራው እንዲህ ያለው ዝናብ ነው። መሬት እንደ ነካ ይረጋና እንደ መስተዋት ስስ ሆኖ አስፋልቱን ይለብሰዋል፤ በዓይን ሲያዩት እርጥብ መንገድ ብቻ ነው የሚመስለው። ድልድይ ደግሞ ከላይም ከታችም ነፋስ ስለሚያገኘው ከሌላው መንገድ ቀድሞ ይረጋል። መንገድ ላይ የሚበተነው ጨውም ሁልጊዜ አይሠራም፤ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ ኃይሉ ይደክማል። ይህን ሁሉ መንጃ ፈቃድ ሲያወጡ ያነብቡታል። እኔም አንብቤ ነበር።

ከአንዲት ትንሽ ድልድይ ላይ ስንወጣ የመኪናዋ ኋላ ከፊቷ ቀድሞ ሊሄድ ፈለገ። መሪው በእጄ ላይ ቀለለ፤ ከምንም ነገር ጋር ያልተያያዘ መሰለኝ። ፍሬን ረገጥሁ። ባሰባት። ዓይኔ ከመንገዱ ዳር ባለው የብረት አጥር ላይ ተተክሎ ቀረ። በዚያች ቅጽበት ልጄ ጮኸ፦

“እማዬ፣ ፍሬኑን ልቀቂ! አጥሩን አትይ፣ መሄድ የምትፈልጊበትን እይ!”

ለቀቅሁ። መኪናዋ ግማሽ ዙር ዞረችና ፊቷን ወደ መጣንበት አድርጋ በመንገዱ ዳር በተከመረው በረዶ ውስጥ ቆመች። አጥሩን አልነካንም። ወዲያው አንድ ረጅም ተሳቢ መኪና በአጠገባችን ሲያልፍ መላ አካላታችንን አንቀጠቀጠው። አንድ ሰው መኪናውን ከኋላችን አቁሞ፣ መብራቱን እያብለጨለጨ፣ ዞረን እስክንስተካከል ድረስ ጠበቀን። ስሙን እንኳ አልጠየቅሁትም። “መሄድ የምትፈልጊበትን እይ” ማለትን ልጄ ከየት እንዳመጣው የጠየቅሁት ኋላ ነው። ለካ ብስክሌት በጭቃ ላይ ሲንሸራተት አሠልጣኙ በየቀኑ የሚጮህበት ቃል ነው።

በሰዓት ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል እየተጎተትን ብላክ ሪቨር ፎልስ ደርሰን ነዳጅ ማደያ ገባን። ሞተሩን አጥፍቼ አለቀስሁ። ልጄ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቆይቶ፣ “እማዬ፣ እኔ እኮ ማታ ላለመሄድ ወስኜ ነበር” አለኝ።

“ታዲያ ለምን አልተናገርክም?”

“ሌሊት ተነሥተሽ በሶ ስትበጠብጪ አየሁሽ።”

እኔም ማታውኑ መቅረት ፈልጌ ነበር። ያልቀረሁት አራተኛ ጊዜ ላለመዋሸት ብዬ ነው። ይገርምዎታል፤ ሁለታችንም ያልፈለግነውን ጉዞ አንዳችን ለአንዳችን ስንል ወጥተን፣ ትንሽ ቢቀረን አብረን እንሞት ነበር። ስቄ ይሁን አልቅሼ እንጃ፣ ልጄን አቅፌው ቆየሁ። መሳሳም አይወድም፤ በዚያን ቀን ግን ዝም አለኝ።

“በቃ እንመለስ” ተባብለን ነበር። ሻይ ሊጠጡ የገቡ አንድ በዕድሜ የገፉ በረዶ ጠራጊ ሾፌር ግን አቅጣጫችንን ጠይቀው ራሳቸውን ነቀነቁ። ወደ ኋላ ያለው መንገድ ገና በበረዶ እንደተለበጠ ነው፤ ወደ ደቡብ ግን ሙቀቱ ከዜሮ በላይ ስለሆነ ከቶማ በኋላ እርጥብ ብቻ ነው አሉን። አንድ ሰዓት ያህል ጠብቁና በጨው መኪናው ኋላ ኋላ ሂዱ ብለው መከሩን። እንዲሁ አደረግን። ስለዚህ ውድ አንባቢ፣ ወደ ፊት የሄድነው ጀግኖች ስለሆንን አይደለም፤ መመለሱ ስለባሰ ነው። ዛሬ ቢሆን ከቤቴ አልወጣም ነበር። በዚያ አገር 511 ደውለው የመንገዱን ሁኔታ መጠየቅ ይቻላል፤ እኔ ይህንን ያወቅሁት ከተመለስሁ በኋላ ነው። አንድ ነገር ልጨምርልዎት፦ በበረዶ ከተያዙ ከመኪናዎ ወጥተው በእግር አይሂዱ። ሞተር አስነሥተው ከመሞቅዎ በፊትም የጭስ ማውጫው በበረዶ አለመደፈኑን ይመልከቱ፤ ጭሱ ወደ ውስጥ ተመልሶ ሰው ይገድላል።

ቶማ ላይ ሁለቱ አውራ ጎዳናዎች፣ 90 እና 94፣ ይገናኛሉ። ከዚያ ወዲያ እንደተባለው ዝናብ ብቻ ሆነ። ሜዳው ስንደርስ ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ቀርቶታል። ልጄ መስመሩን ዞሮ ሳያየው፣ ሰውነቱን ሳያሟሙቅ፣ በመጨረሻው ረድፍ ቆመ። ሠላሳ አራት ልጆች ነበሩ። ፊሽካ ተነፋ፤ ሠላሳ አራቱም ወደ አንድ ጠባብ የጭቃ ጉሮሮ ገቡ።

ተመልካቹ ምን ይዞ እንደሚያጅባቸው ያውቃሉ? ቃጭል! በአርሲ የአያቴ ላሞች አንገት ላይ የነበረው ቃጭል! አንዲት ነጭ ሽማግሌ ሴትዮ ሁለት ይዘው ኖሮ አንዱን ሰጡኝ። የልጅነት መስክ ትዝ አለኝና እንደ እረኛ እያንቃጨልሁ በገመዱ ዳር ሮጥሁ። የሥራ ጫማዬን ነበር የተጫማሁት፤ በሁለተኛው ዙር አንዱን ጭቃው ዋጠብኝ።

ልጄ ሦስት ጊዜ ወደቀ። ሌሎቹ ጭቃ ሲይዛቸው ወደ ጎን ገብተው ሁለተኛ ብስክሌት ይለውጣሉ፤ አባቶቻቸው ቆሻሻውን በውኃ እያጠቡ ይጠብቋቸዋል። እኛ ያለን አንድ ብስክሌት ነው። በመጨረሻው ዙር ሰንሰለቱ በጭቃና በሣር ተጠቅልሎ እንቢ አለ። ያን ጊዜ ብስክሌቱን ትከሻው ላይ ጥሎ መሮጥ ጀመረ። በአጠገቤ ሲያልፍ ከዓይኑ ነጭ በቀር ምንም አይታይም ነበር። “አይዞህ የኔ ጌታ!” ብዬ ጮህሁ፤ ከአሥራ አራት ዓመቱ ጀምሮ በሰው ፊት እንዳልለው የከለከለኝን ቃል። ዞሮ አየኝ። ሃያ ዘጠነኛ ወጣ።

ሲጨርስ መሬት ላይ ተዘርግቶ ትንፋሹን ሰበሰበና፣ “በሶው ተረፈ?” አለኝ።

ለባለቤቴ ስደውል ስልኩ አንዴ እንኳ ሳይጠራ አነሣው። “የት ናችሁ?” አለ። ደርሰናል፣ ደህና ነን፣ ዛሬ እዚሁ አድረን ነገ መንገዱ ሲጠረግ እንመጣለን አልኩት። ስለ ድልድዩ አልነገርሁትም፤ ያን በፊቱ ቆሜ መናገር ነበረብኝ። እርሱም ዝም ብሎ ቆየና፣ “ስንተኛ ወጣ?” ብሎ ጠየቀኝ።

“ራሱ ይንገርህ” ብዬ ስልኩን ለልጄ ሰጠሁት። ጭቃው ስልኬን አበላሸው። ከመኪናው ምንጣፍማ እስከ ፋሲካ ድረስ አልለቀቀም።