መርምረው ቢያገኙስ?

የተወደዳችሁ ባለትዳሮች፣ ከሠርጋችሁ በፊት ደም የሰጣችሁባትን ዕለት እስቲ አንድ ጊዜ አስታውሱ። አብያተ ክርስቲያናት ተጋቢዎችን “የኤች አይ ቪ ምርመራ ውጤት ይዛችሁ ኑ” ማለት በጀመሩበት ጊዜ ስንት ክርክር ነበር! “አማኝን መጠርጠር ነው” ያለ ነበር። “ጌታ ያውቃል” ያለም ነበር። አንዳንዱ ደግሞ ሳይሸፋፍን፣ “ተመርምሬ ቢገኝብኝስ?” አለ። እኔ እውነተኛ የምለው ይህን የመጨረሻውን ነው። የሌሎቹም ክርክር ሥሩ ቢማስ እዚያው የሚደርስ ይመስለኛል። ዛሬ በብዙ አጥቢያዎች ማንም አይከራከርበትም።

ይህን ያነሣሁት ስለ ሌላ ምርመራ ላጫውታችሁ ፈልጌ ነው፤ ልጆቻችን ስለሚጫወቱበት አፈር ምርመራ።

የምኖረው መቀሌ፣ ሓወልቲ ክፍለ ከተማ ነው። 51 ሜትር የሚረዝመው የሰማዕታት ሐውልት ከደጃችን ይታያል። ጦርነቱ በነበረባቸው ሁለት ዓመታት ልጆቻችን ያደጉት ግድግዳ እያዩ ነው። ስለዚህ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት ተፈርሞ፣ ቀስ በቀስ እንደ ገና ወደ ሜዳ መውጣት ሲጀምሩ፣ ሣር ያለበት ቦታ ሁሉ ለኛ ለእናቶች የወርቅ ያህል ነበር። ያኔ ያስተማርናቸው የመጀመሪያ ነገር “መሬት ላይ ያገኛችሁትን ብረት እንዳታነሡ” የሚል ነው። ሳይፈነዳ የቀረ ጥይትና ቦምብ የልጅ እጅና ዓይን እንደሚወስድ ትግራይ ውስጥ የማያውቅ ወላጅ የለም። ነገር ግን እኅቶቼ፣ የሚፈነዳው ብረት አንዳንዴም ቢሆን ለዓይን ይታያል። አፈር ውስጥ ተበትኖ የቀረው ግን አይታይም፣ አይሸትም።

ከእነዚህ ከማይታዩት አንዱ ሊድ ነው፤ በአማርኛችን እርሳስ የምንለው ብረት። (ልጆች የሚጽፉበት እርሳስ ስሙን ይዋስ እንጂ ይህ ብረት የለበትም፤ አትደንግጡ።) ሊድ በመኪና ባትሪ ውስጥ፣ በጥይት ውስጥ፣ በአሮጌ የዘይት ቀለም ውስጥ አለ። ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች እስከ 2006 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ድረስ እስኪተዉት ሊድ የተቀላቀለበት ቤንዚን ይነዱ ነበር፤ ከጭስ ማውጫ የወጣውም በመንገድ ዳር አፈር ላይ ዐረፈ። ሊድ እንደ ቅጠል አይበሰብስም፤ ከወደቀበት አይጠፋም። የሦስት ዓመት ልጅ ደግሞ ምን እንደሚያደርግ እናውቃለን፤ አፈሩን ይቆፍራል፣ ጣቱን ይልሳል። ልጅ ከዋጠው ሊድ ወደ ሰውነቱ የሚገባው ዐዋቂ ከሚወስደው አራትና አምስት እጥፍ ሊሆን ይችላል። የሚጎዳው በማደግ ላይ ያለውን አንጎል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት “ይህን ያህሉ አይጎዳም” የሚባል መጠን አይታወቅም ይላል። አገራችንም በ2018 እ.ኤ.አ. በወጣው ደንብ ቁጥር 429 በቀለም ውስጥ ያለው ሊድ ከሚሊዮን እጅ 90 እጅ እንዳያልፍ ወስናለች። መልካም ነው። ከደንቡ በፊት ተቀብቶ ዛሬ እየተላጠ ያለው ዥዋዥዌና ሸርተቴ ግን ደንብ አያነብም።

በአጥቢያችን ሁለተኛ ዲግሪውን የሚማር አንድ ወጣት ወንድም አለ። ለጥናቱ ከአንድ የሕጻናት መጫወቻ ናሙና ለመውሰድ አሰበ። ሥራው ቀላል ነው፤ ከላይኛው ስስ አፈር፣ ከየቦታው ጥቂት ጥቂት በማንኪያ ይወሰዳል፣ ይደርቃል፣ ይነፋል፣ ላቦራቶሪ ይገባል። ለአንድ የእንጀራ ምጣድ ሊጥ ከሚበቃ ዱቄት የበለጠ አፈር አይፈልግም። ደብዳቤ ይዞ ሄደ። የቢሮውን ስም አልጠቅስም፤ ሌላ ቢሮም ቢሆን ከዚህ የተለየ መልስ ይሰጥ ነበር ብዬ አላስብም። “ማን ላከህ?” አሉት። “አንድ ነገር ብታገኝ ማን ሊጠየቅ ነው?” አሉት። ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ተወው። እዚያ ቦታ መርዝ አለ እያልሁ አይደለም፤ ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ግን ንጹሕ መሆኑንም ሳናውቅ ቀረን።

ይህን ለባለቤቴ ስነግረው ቢሮውን ይወቅሳል ብዬ ጠብቄ ነበር። እርሱ ግን ዝም ብሎ ቆየና፣ “መርምረው ቢያገኙስ? ይዘጉታል። ከዚያ ልጆቹን የት እንወስዳቸዋለን?” አለኝ። ወገኖቼ፣ ይህ የቸልተኛ አባት ንግግር አይደለም። ልጁን ሁለት ዓመት ቤት ዘግቶ ያሳደገ አባት ንግግር ነው። ብዙ ምሽት ተከራክረንበታል። አንዳንዱን ምሽት እርሱ ረትቶኛል።

ያረገበን በ2010 እ.ኤ.አ. በናይጄሪያ ዛምፋራ ግዛት የሆነው ነገር ነው። በዚያ ያሉ መንደሮች ወርቅ ያለበትን ድንጋይ በግቢያቸው ይፈጩ ነበር፤ ድንጋዩ ሊድ ነበረበት። ሕጻናት እያተኮሳቸውና እያንቀጠቀጣቸው ሲሞቱ ወባ ነው ተባለ፤ የወባው መድኃኒት ግን አልሠራም። ደማቸው ሲመረመር ሊድ ተገኘ። ከ400 በላይ ሕጻናት ሞቱ። ከዚያስ ምን ተደረገ? መንደሮቹን ዘግተው ሕዝቡን አላባረሩም። ከየግቢው የላይኛውን አፈር ገፍፈው አነሡ፣ ንጹሕ አፈር አለበሱ፣ ከዚያ ልጆቹን አከሙ። ልጁን አክሞ ወደዚያው አፈር መመለስ ከንቱ ነበርና ቅደም ተከተሉ ይህ ሆነ። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ፣ “ስለዚህ ቦታው አልተወሰደባቸውም” አለ። የፈራው ይህን ነበርና።

የኛ ነገር ከዚያ እጅግ የቀለለ ቢሆን ደግሞ መፍትሔው ያንኑ ያህል ይቀልላል፦ የተላጠውን ቀለም አቧራው እንዳይበተን እያረጠቡ ፍቆ ሊድ በሌለበት መቀባት፣ ባዶውን መሬት ንጹሕ አፈር አልብሶ ሣር መትከል፣ ከጨዋታ በኋላ እጅ ማስታጠብ።

የእግዚአብሔር ቃል ስለዚህ ነገር ዝም ያለ ይመስላችኋል? ዘሌዋውያን 14ን ከቁጥር 33 ጀምራችሁ አንብቡ። ቤቱ ላይ ደዌ የመሰለ ነገር ያየ ሰው ራሱ ሄዶ ለካህኑ ይናገራል። ካህኑ ያያል፣ ቤቱን ሰባት ቀን ይዘጋል፣ ተመልሶ ያያል። ደዌው ከሰፋ የተበከለው ድንጋይ ወጥቶ፣ ልስኑ ተፍቆ፣ ከከተማ ውጭ ይጣላል፤ በምትኩ ሌላ ድንጋይ ይገባል፣ ቤቱም እንደ ገና ይለሰናል። ቤቱ የሚፈርሰው ይህ ሁሉ ተደርጎ ደዌው ከተመለሰ ብቻ ነው። እኔን የነካኝ ባለቤቱ ራሱ መናገሩ ነው።

የምድራችን ሕግም ቢሆን ከሕዝብ ጋር እንጂ ከበር ጠባቂ ጋር አይቆምም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የማንኛውም ሰው መብት ነው ይላል። የብክለት ቁጥጥር አዋጁ፣ ቁጥር 300/1995፣ የአካባቢ ተቆጣጣሪ ያለ ቅድሚያ ማስታወቂያና ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ወደ ማንኛውም ቦታ እንዲገባ ይፈቅዳል። “አንተን ምን አገባህ?” ሳይባልም ማንም ሰው ስለ ብክለት አቤት ማለት ይችላል። ወጣቱ ወንድማችን ግን ተማሪ እንጂ ተቆጣጣሪ አይደለም፤ እርሱ ፈቃድ ያስፈልገዋል።

ታዲያ ፈቃዱ በእጃችን ያለበት አንድ ቦታ አለ፤ የሰንበት ትምህርት ልጆች የሚጫወቱበት የራሳችን አጥቢያ ግቢ። ዥዋዥዌው ቀለሙ ተልጧል፤ አጥሩም በመንገድ ዳር ነው። ከባለቤቴ ጋር ሆነን ለሽማግሌዎች አመለከትን። አንድ አባት፣ “ቢገኝብንስ? የቤተ ክርስቲያን ስም አይጠፋም?” አሉ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ሁለት ሰዓት ተነጋገሩበት፤ ጸለዩም። በመጨረሻ የፈረሙት ወረቀት ላይ ሦስት ነገር ሰፈረ፦ ናሙናው ይወሰድ፤ ለአፈርና ለቀለም የሚሆን ገንዘብ ውጤቱ ሳይታወቅ ከአሁኑ ይመደብ፤ ውጤቱ መልካምም ይሁን ክፉ፣ እሁድ በማስታወቂያ ሰዓት ለጉባኤው ይነበብ።

ባለፈው ቅዳሜ ወጣቱ ማንኪያውንና ትናንሽ የፕላስቲክ ከረጢቶቹን ይዞ መጣ። ከዥዋዥዌው ሥር፣ ከሸርተቴው ጫፍ፣ ከአጥሩ ጥግ አፈር ወሰደ። ከረጢቶቹን የያዘለት ባለቤቴ ነው። ውጤቱ ገና ነው። እስከዚያ ልጆቹ በጓሮ በኩል ይጫወታሉ፤ ሲገቡም በር ላይ ውኃና ሳሙና አለ።