ሌሊት ስልክ የሚያነሳው ማነው?

አክስቴ ደወለችና «አንቺ ጋዜጠኛ አይደለሽ? ሂጂና አጣሪልኝ!» አለችኝ።

ጊዜው 2011 ዓ.ም. ነው። በጋዜጠኝነት ከተመረቅኩ ገና ሦስት ወሬ። ሥራ የለኝም። ያለኝ ማስታወሻ ደብተር፣ እስክሪብቶና «ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት» የሚሉ ስድስት ጥያቄዎች ብቻ ናቸው። እስከዚያች ቀን በግሌ አጣርቼ የማውቀው ነገር ቢኖር የኮንዶሚኒየም ኪራይ ዋጋ ነው። አሁን የተሰጠኝ ሥራ ግን ሌላ ነበር፤ አያቴ የምትሞትበትን ቦታ መምረጥ። (አክስቴ እንዲህ ብላ አልተናገረችውም። «የምታገግምበት» ነው ያለችው። ግን ለሁላችንም ገብቶናል።)

ነገሩ እንዲህ ነው። እምዬ የምንላት አያቴ ተወልዳ ያደገችው፣ ወልዳም የዳረችው መንዝ ውስጥ፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ነው። በዚያ ዓመት የማኅፀን በር ካንሰር እንዳለባት ታወቀ። «ታወቀ» ስል እኛ አወቅን ማለቴ ነው፤ ለእሷ አልተነገራትም። ሪፈር ወረቀት ይዛ ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን፣ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ተንከራተተች። በመጨረሻ ስሙን የማልጠራው ሆስፒታል ኮሪደር ላይ አንድ ሐኪም ቆሞ፣ ሁለት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ፣ «በሽታው ተሰራጭቷል፤ ቤት ወስዳችሁ ብትንከባከቧት ይሻላል» አለንና ትራማዶል ጽፎልን ሄደ።

ቤት የቱ? የአክስቴ ቤት ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው። እሷም ጠዋት ወጥታ ማታ ነው የምትገባው። ስለዚህ «በክፍያ ሕመምተኛ የሚንከባከቡበት ቦታ አለ» ሲባል ሰማንና እኔ ተላክሁ።

ሄድኩላችሁ። ግቢው አበባ በአበባ ነው። ወለሉ ሴራሚክ፣ አንሶላው ነጭ፣ ሳሎኑ ውስጥ ግድግዳውን ያከለ ቴሌቪዥን። ያስጎበኘችኝ ልጅ ትሁት ናት። ምን እንደሚበላ ጠየቅሁ፤ በአንድ ክፍል ስንት ሰው እንደሚተኛ ጠየቅሁ፤ መጸዳጃ ቤቱን ከፍቼ አየሁ፤ ዋጋውን ጻፍኩ። ታክሲ ውስጥ ሆኜ ደብተሬ ላይ «ከአሥር ዘጠኝ» ብዬ ነጥብ ሰጠሁ። አንዷን የቀነስኩት ቡናቸው ቀጥኖብኝ ነው።

ማታ ለአክስቴ ሪፖርት ሳቀርብ ዝም ብላ ሰማችኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። «ሌሊት ቢያማትስ?»

አልጠየቅሁም ነበር! በማግስቱ ደወልኩ። ነርሷ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ትወጣለች። ሌሊትስ? «ሌሊት ዘበኛ አለ።» ሕመሙ ቢጠናባትስ? «ፓራሲታሞል እንሰጣታለን። ካልሆነ ለቤተሰብ እንደውላለን፣ መጥታችሁ ትወስዷታላችሁ።»

ሦስት ዓመት ሙሉ ጥያቄ መጠየቅ ስማር ኖሬ ዋናውን ጥያቄ ያመጣችው ጋዜጣ የማታነበው አክስቴ ናት።

ክርክራችንን የዘጋችው ግን ራሷ እምዬ ናት። «አገሬ መልሱኝ» አለች።

*

ከደብረ ብርሃን አልፎ ጣርማ በር ላይ ወደ ግራ ሲታጠፉ የመንዝ መንገድ ይጀምራል። ጉሙ መኪናውን ይውጠዋል። መኪና ከማይገባበት ወዲያ እምዬን የመንደሩ ወንዶች በቃሬዛ ተሸከሟት። የጠራነው አንድ ሰው ነበር፤ የመጣው ሃያ ሰው ነው።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን በደብተሬ ነጥብ ልሰጠው አልቻልኩም። «ሆስፒስ» የሚለውን ቃል ሰምተው የማያውቁ ሰዎች የሆስፒስን ሥራ ይሠሩ ጀመር። የገብስ አጥሚት በየተራ ይመጣል። ብርዱ አጥንት የሚሰብር ነውና ኩበቱ አይጠፋም፤ ከባዷ የሱፍ ዝተቷ ላይ ሌላ ባና ይደረባል። ሌሊቱን ሴቶቹ በተራ ያድራሉ። አንዲት ጎረቤቷ «በአንድ ጎኗ ብቻ አታስተኟት፣ ትቆስላለች» እያለች በየጊዜው ታገላብጣታለች። ይህንን ኋላ በነርሶች መማሪያ ውስጥ አገኘሁት፤ ሴትዮዋ ግን ፊደል አልቆጠረችም። የንስሐ አባቷ መጥተው ቀንዲል አደረሱላት። ያን ሁሉ ጊዜ ብቻዋን የሆነችበት ሰዓት ትዝ አይለኝም።

እዚህ ላይ ባቆምና «ባህላችን በቂ ነው» ብዬ ብጽፍ ደስ ይላችሁ ነበር። እኔንም ደስ ይለኝ ነበር። ግን አልነበረም።

ሌሊት ሲሆን ሕመሙ ይነሳል። «ልጄ፣ እሳት ነው» ትለኛለች፣ እጄን ጨብጣ። ትራማዶሉ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ያስታግስላት ነበር፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ከውኃ አልተሻለም። ጩኸቷ እንዳይሰማ ዝተቱን ትነክሳለች። ሴቶቹ ያለቅሳሉ፤ አጎቴ ውጭ ወጥቶ የድንጋዩን ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ደግ ልጅ ነች፤ እየተመላለሰች ትጠይቃታለች። ነገር ግን ቦርሳዋ ውስጥ ለዚህ ሕመም የሚሆን ምንም የለም። ሃያ ሰው ተሸክሟት የመጣ መንደር አንድ ጠርሙስ መድኃኒት አጣ።

*

አክስቴ አዲስ አበባ ሆና አላረፈችም። ሰው በሰው አጠያይቃ ቤት ለቤት እየዞረች ታማሚ የምትረዳ አንዲት ነርስ አገኘችና ስልኳን ላከችልኝ። የደወልኩት ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ነግቶ እንድደውል ትነግረኛለች ብዬ ስጠብቅ አነሳችው።

ስለ ዋጋ አላወራችም። «መጨረሻ ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ የተኙት መቼ ነው?» አለችኝ። ሕመሙ የት እንደሚጀምር፣ ምን ሲያደርጉ እንደሚብስባቸው፣ ሆዳቸው ከደረቀ ስንት ቀን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ከዚያ «አንቺስ እንቅልፍ ተኝተሻል?» አለች። እስከዚያች ሌሊት ይህን የጠየቀኝ አልነበረም።

በእሷ ምሪት አክስቴ ሐኪም ዘንድ ሄዳ የሚጠጣ ሞርፊን አጻፈች፤ አጎቴም አዲስ አበባ ወርዶ አመጣው። አጎቴ ፈርቶ ነበር፤ «ሱስ ይሆንባታል፣ ደግሞም ይገድላታል» አለ። ነርሷ በስልክ አስረዳችው። በሐኪም መጠን፣ በአፍ፣ በየአራት ሰዓቱ በሰዓቷ ከተሰጠች ለካንሰር ሕመም ትክክለኛዋ መድኃኒት ናት፤ ሆድ ስለምታደርቅ ግን የሚያለሰልስ አብሮ ይሰጣል፤ ሕመሙ እስኪነሳ መጠበቅ አያስፈልግም።

በሁለተኛው ሌሊት እምዬ ተኛች። እኔ እንዳልሞተች ለማረጋገጥ ትንፋሿን እያዳመጥኩ አደርኩ። ጠዋት ነቅታ «ቡና የለም እንዴ?» አለች።

ነርሷ የነገረችን ሁለተኛ ነገር ከመድኃኒቱ ይከብድ ነበር። «ካልጠየቁ አትጫኗቸው፤ ከጠየቁ ግን አትዋሿቸው።» ከሦስት ቀን በኋላ እምዬ ጠየቀች። «ይኼ ነገር አይድንም፣ አይደል?» አጎቴ አንገቱን ደፋ። እኔ «አይድንም፣ እምዬ» አልኳት። ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም።

«እኔማ ከደብረ ብርሃን ጀምሮ አውቄዋለሁ። እናንተ እንዳትደነግጡ ብዬ ነው ዝም ያልኩት» አለች።

በሚቀጥሉት ቀናት በጎቿን አከፋፈለች፤ የሰው ብር አስመለሰች፤ ስለ ወሰን ተኳርፋ ዓመታት ያላነጋገረቻትን ጎረቤቷን አስጠርታ ይቅር ተባባለች። በየአራት ሰዓቱ የምትሰጠው መድኃኒት እንቅልፍ ብቻ አልነበረም የሰጠቻት፤ የምትናዘዝበት አእምሮ ነው የሰጠቻት። ከሦስት ሳምንት በኋላ በሰላም አረፈች። ከቀብሩ ወር ያህል ቆይቶ ነርሷ ለእናቴ ደወለች። ለምን እንደደወለች እናቴ አልገባትም ነበር። «እንዴት ናችሁ ለማለት ነው» አለቻት።

*

የእኔ «ከአሥር ዘጠኝ» ለምን እንደተሳሳተ ለመረዳት ኋላ ብዙ አነበብኩ። የዘመናዊው ሆስፒስ እናት የምትባለው እንግሊዛዊቷ ሲስሊ ሳንደርስ እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ውስጥ ቅዱስ ክሪስቶፈር ሆስፒስን ስትከፍት ነርስም፣ ማኅበራዊ ሠራተኛም፣ ሐኪምም ነበረች። ዋና ሐሳቧ በሞት አፋፍ ያለ ሰው ሕመሙ ሥጋዊ ብቻ አይደለም፤ ጭንቀቱ፣ ቤተሰቡና ነፍሱም ያማሉ የሚል ነው። የእኔ ደብተር ግን የጠየቀው ስለ ሴራሚክ ነው።

የአፍሪካ የማስታገሻ እንክብካቤ ማኅበር ለዚሁ ያዘጋጀው አሥር ጥያቄዎች ያሉት መለኪያ አለ። ሰባቱን ታማሚው፣ ሦስቱን አስታማሚው ከ0 እስከ 5 ነጥብ እየሰጡ ይመልሷቸዋል። ባለፉት ሦስት ቀናት ሕመምህ ምን ያህል ነበር? ሐሳብ ገብቶሃል? የሚሰማህን ለሰው መናገር ችለሃል? ሰላም አለህ? አስታማሚውን ደግሞ በቂ መረጃ ተሰጥቶሃል? ለማስታመም ድፍረቱ አለህ? ይሉታል። ስለ ሕንፃ አንድም ጥያቄ የለበትም። ነጥብ ሰጪው ጎብኚው ሳይሆን የተኛው ሰው ነው።

«ይኼ የሀብታም አገር ነገር ነው» የሚል ካለ ኡጋንዳን ይይ። ዶክተር አን ሜሪማን እ.ኤ.አ. በ1993 ካምፓላ ላይ በጀመሩት ሆስፒስ ሞርፊን ከዱቄት ተበጥብጦ በጠርሙስ ይሰጥ ጀመር። ከ2004 ጀምሮ ደግሞ ልዩ ሥልጠና የወሰዱ ነርሶችና ክሊኒካል ኦፊሰሮች እንዲያዙት ሕጉ ፈቀደ። ሐኪም በሌለበት ገጠር ሕመም እንዲታገስ ያደረገው ሕንፃ ሳይሆን ይህ ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በ80 አገሮች መካከል በተደረገ የሞት አያያዝ ጥራት ንጽጽር ኡጋንዳ 35ኛ ወጥታለች፤ ከእሷ የሚበለጽጉ ብዙ አገሮችን አስከትላ።

እኛም ዘንድ ጅምሩ አለ። ሲስተር ፅጌረዳ ይስፋወሰን ሆስፒስ ኢትዮጵያን አዲስ አበባ ውስጥ የመሠረቱት እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ ቤት ለቤት እየሄደ ታማሚን የሚረዳ፣ የጤና ባለሙያም የሚያሠለጥን ድርጅት ነው። ጤና ጥበቃ ሚኒስቴርም እ.ኤ.አ. በ2016 ብሔራዊ የማስታገሻ እንክብካቤ መመሪያ አውጥቷል። የሚገርማችሁ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራሙም የጀመረው በዚያው በ2003 ነው። ሁለቱ በአንድ ዓመት ተወለዱ፤ እምዬ ደጃፍ ላይ ግን አልተገናኙም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየዓመቱ 56.8 ሚሊዮን ያህል ሰው ይህ እንክብካቤ ያስፈልገዋል፤ የሚያገኘው 14 በመቶው ብቻ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት ደግሞ የአጎቴ ዓይነት መንገደኛ ጠርሙሱን ይዞ ለመግባት መንገድ የተዘጋበት ጊዜ አለ።

እንግዲህ አንድ ቀን አንዳችሁን አክስታችሁ «ሂጂና አጣሪልኝ» ካለቻችሁ የእኔን ስህተት አትድገሙ። አበባውን እለፉትና እነዚህን ጠይቁ፦

ሌሊት በስምንት ሰዓት ብደውል የሚያነሳው ማነው? ነርስ ነው ወይስ ዘበኛ?

ሞርፊን ማግኘት ትችላላችሁ? ማን ያዘዋል? ስንት ሰዓት ይፈጃል?

ሕመሙን በስንት ጊዜው ትጠይቃላችሁ? የት ትጽፉታላችሁ?

ታማሚው «እሞታለሁ ወይ?» ቢል ምን ትሉታላችሁ?

እኔን ምን ታስተምሩኛላችሁ? ማገላበጥ፣ ማጠብ፣ መድኃኒት መስጠት?

የንስሐ አባቷ፣ ሼኋ ወይም ፓስተሯ በፈለጉት ሰዓት መግባት ይችላሉ?

ከቀብሩ በኋላስ ትደውላላችሁ?

ከተቻለም እዚያ የተኛ ሰው አጠገብ ተቀመጡና «ሌሊቱን እንዴት አደሩ?» በሉት። የኔ ዩኒቨርሲቲ ያላስተማረኝ፣ ሁላችንም ግን ከልጅነታችን የምናውቀው ጥያቄ ነው። ሰው ከመለሰው በላይ ፊቱ ይነግራችኋል።

መንደሩ የሚችለውን ሁሉ አድርጎ ነበር። ከእንክብካቤ ሰጪ የምንጠብቀው መንደሩ የማይችለውን ነው፤ ሕመሙን ማስታገስ፣ እውነቱን መናገር፣ ሌሊት ስልክ ማንሳት።

እምዬ ዝተቷን ለእኔ ነው የተናዘዘችልኝ። ጫፏ ላይ የጥርሷ ምልክት አለ። ደብተሩም አልጠፋም፤ «ከአሥር ዘጠኝ» የሚለውንም አልሰረዝኩትም። ከሥሩ ግን የነርሷን ስልክ ቁጥር ጽፌበታለሁ።