ከፖቶማክ ሚልስ እስከ ሽሮ ሜዳ፦ ልብስና ስጦታ የት ይገዛ?

በዋሽንግተንና በአካባቢው የምንኖር ሐበሾች ወደ አገር ቤት ትኬት የቆረጥን ዕለት ሁለት ሥራ ይጀመራል። አንዱ ለማን ምን እንደሚገዛ ስም እየጠሩ መመዝገብ ነው። ሌላው ቅዳሜ ጠብቆ በአይ 95 ወደ ደቡብ እየነዱ ውድብሪጅ መውረድ። እዚያ ያለው ፖቶማክ ሚልስ እ.ኤ.አ. በ1985 የተከፈተ፣ ከ200 በላይ ሱቆችን በአንድ ጣሪያ ሥር የያዘ የቅናሽ ገበያ ነው። አገር ቤት የሚኬድበት ወቅት ሲደርስ በመተላለፊያው ላይ አማርኛና ትግርኛ ከየአቅጣጫው ይሰማል፤ ባዶ ሻንጣ እየጎተተ ገብቶ ሞልቶ የሚወጣም አይጠፋም።

እኔም ከእነዚህ ሸማቾች አንዱ ስለሆንኩ ነገሩን ከውስጥ አውቀዋለሁ። አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ከአሜሪካ የምንጭነው ልብስ በዝቷል። ከአዲስ አበባ ይዘን የምንመለሰው የእጅ ሥራ ደግሞ ያንሳል፤ በዋጋ ክርክር የምንበረታውም መበርታት በማይገባን ሰው ላይ ነው።

ከአሜሪካው ልጀምር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከደላስ አውሮፕላን ማረፊያ ለሚነሳ የኢኮኖሚ መንገደኛ በአብዛኛው ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱን 23 ኪሎ ይፈቅዳል። 46 ኪሎ ብዙ ይመስላል እንጂ ሁለት የክረምት ጃኬት፣ አራት ጥንድ ጫማና የእናት ቅባትና ቫይታሚን ከገባበት በኋላ የሚቀረው ጥቂት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ኪሎ ታስቦበት መሞላት አለበት። እኔ የምመክረው ጫማ፣ የሕፃናት ልብስ፣ የውስጥ ልብስ፣ ካልሲና ደህና ጃኬት ነው። ጥራታቸው ከዋጋቸው ጋር ሲነጻጸር አዲስ አበባ ላይ በቀላሉ የማይገኙ ዕቃዎች ናቸው። ቲሸርት፣ ጂንስና የሴት ቦርሳ ግን ቦታ አይያዙ። ቻይና፣ ባንግላዴሽና ቬትናም የተሰፋው ልብስ መርካቶም አለ፤ ብዙው በዱባይና በጓንግዡ በኩል ገብቶ ከእኛ ሻንጣ ቀድሞ ይደርሳል።

በዚህ ላይ ብዙዎቻችን ሳናስተውል ያለፍነው ታሪክ አለ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ በኋላ የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት የሆነው ፒ.ቪ.ኤች. እዚያ ልብስ ያሰፋ ነበር። በእነዚያ ዓመታት አሜሪካ ውስጥ የሸሚዝ አንገት ገልብጦ ያየ ሰው በኢትዮጵያ የተሠራ የሚል ጽሑፍ ሊያገኝ ይችል ነበር። ሐዋሳ ላይ የተሰፋ ሸሚዝ ውቅያኖስ ተሻግሮ ቨርጂኒያ ይሸጥ ነበር፤ እኛ ገዝተን መልሰን አዲስ አበባ እናደርሰው ነበር። በ2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከቀረጥ ነፃ የአሜሪካ ገበያ ዕድል ከሆነው አጎዋ ስትወጣ፣ በዚያው ዓመት ፒ.ቪ.ኤች.ም ፋብሪካውን ዘጋ። እነዚያ ሸሚዞች የተሰፉት በአገራችን ወጣት ሴቶች እጅ መሆኑን ሳስብ አሁንም ያንገበግበኛል።

ዋጋን በተመለከተ አሜሪካ ክርክር የለም፤ ግን ብልጠት አለ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ዋጋ ግብር አልተጨመረበትም፤ በሰሜን ቨርጂኒያም በሜሪላንድም ካሸሩ ጋ ሲደርስ 6 በመቶ ይጨመራል። ሜሪላንድ በየዓመቱ ከፈረንጆቹ ኦገስት ሁለተኛ እሑድ ጀምሮ ለአንድ ሳምንት 100 ዶላርና ከዚያ በታች በሆነ ልብስና ጫማ ላይ ይህን ግብር ታነሳለች። ለመስከረም ለሚሄድ ሰው ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። ዴላዌር ደግሞ የሽያጭ ግብር የሚባል ነገር ጭራሽ የላትም፤ ላፕቶፕን የመሰለ ውድ ዕቃ ለሚገዛ ሰው የነዳጁን ያካክሳል። የፈረንጆቹ ገና ማግስት ቅናሹም ለጥምቀት ተጓዥ ይደርሳል። ደረሰኙን ብቻ አትጣሉ። አሜሪካ ውስጥ ልክ ያልሆነ ልብስ በደረሰኝ ይመለሳል፤ አዲስ አበባ ግን ብዙ ሱቅ ግድግዳ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ተብሎ ተለጥፏል።

የጫማ ነገር ለብቻው ሊጻፍለት ይገባል። አገር ቤት ሰው ጫማውን የሚያውቀው በአውሮፓ ቁጥር ነው፤ 38 ነኝ፣ 42 ነኝ ይላል። የአሜሪካው ቁጥር ሌላ ነው፤ ከፋብሪካ ፋብሪካም ይለያያል። እኛ ቤት የሚሠራው ዘዴ ይህ ነው። አክስቴ አዲስ አበባ ሳሎን ውስጥ ነጭ ወረቀት መሬት ላይ ይዘረጋላቸዋል። ባዶ እግራቸውን ያሳርፋሉ፤ የልጅ ልጃቸው እስኪርቢቶውን ቀጥ አድርጎ ተረከዛቸውን ይዞ በጣታቸው ዞሮ ይሥላል። ከዚያ ማስመሪያ ከሥዕሉ ጎን አስቀምጦ ፎቶ ያነሳና በቴሌግራም ይልካል። ማስመሪያው ከሌለ ሥዕሉ ዋጋ የለውም። ብዙ የስፖርት ጫማ ምላሱ ውስጥ በተሰፋው ጨርቅ ላይ ርዝመቱ በሴንቲሜትር ተጽፎበታል፤ እኔ የማየው እሱን ብቻ ነው። ለአዛውንት ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል ጨምሩ፤ ክረምት ላይ ወፍራም ካልሲ ያደርጋሉ።

አሁን ወደ አዲስ አበባ እንምጣ። መርካቶን ገበያ ያደረገው የጣሊያን ወረራ ዘመን አስተዳደር ነው፤ ዋናውን ገበያ ከአራዳ አንስቶ ወደ ምዕራብ ወሰደው። ዛሬም መርካቶ የሚሄድ ሰው ማወቅ ያለበት የተራውን ስም ነው፤ ሸማ ተራ፣ ጫማ ተራ፣ ምናለሽ ተራ፣ ዱባይ ተራ። አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሸጡ ነጋዴዎች ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተሻገሩ ዋጋ ማስተያየት ይቻላል። የአሜሪካው ገበያ ተመሳሳይ ሱቆችን ብዙ ጊዜ አራርቆ ያስቀምጣቸዋልና ይህ ምቾት እዚያ የለም። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ሸማ ተራ አካባቢ በደረሰው ቃጠሎ ብዙ ነጋዴ ንብረቱን አጥቷል። ስለዚህ የቀድሞ ደንበኛችሁን ስትፈልጉ አስቀድማችሁ ደውሉ፤ ቦታ የለወጠ አለ።

ፒያሳም እንዲሁ ነው። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሰፈሩ ሲፈርስ በልጅነታችን የምናውቃቸው ሱቆች ተበትነዋል። ወርቅ ለመግዛት የምትሄዱ ካላችሁ የት እንደገቡ ጠይቃችሁ ሂዱ፤ ካራቱና ግራሙ የተጻፈበት ደረሰኝ ሳትቀበሉም አትክፈሉ።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሽሮ ሜዳ ነው። ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ፣ የአሜሪካን ኤምባሲ አለፍ ብሎ ግራና ቀኙ የሐበሻ ልብስ የተሰቀለበት ሰፈር። ከጋሞ ደጋ፣ ከጨንቻና ከዶርዜ የመጡ ሸማኔዎች ከሱቆቹ ኋላ ባሉት መንደሮች ይኖራሉ፤ ይሠራሉ። ሸማኔው እግሩን ከሽመና ዕቃው ሥር ባለው ጉድጓድ አስገብቶ መርገጫውን እየረገጠ መወርወሪያውን ከእጅ ወደ እጅ ያሳልፋል። ብዙ ጊዜ ድሩ የፋብሪካ ክር ነው፤ ማጉ ግን ሴቶች በእንዝርት የፈተሉት ጥጥ ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ ነው እውነተኛ ፈትል በእጅ ሲዳስሱት ትንሽ ወጣ ገባ የሚለው። ጥበቡ ላይ ሲደርስ ሥራው ይዘገያል። እያንዳንዱን ቀለም በጣቱ እየቆጠረ ያስገባዋል። ሰፋ ያለ ጥበብ ያለበት አንድ ቀሚስ የቀናት ሥራ ነው፤ ጋቢ ደግሞ አራት ድርብ ነው።

ከዚሁ ሥራ ጎን፣ በዚያው ሱቅ፣ በዚያው መስቀያ ላይ ከውጭ የገባ የማሽን ጨርቅ ተሰቅሏል። ጥበብ መስሎ ታትሟል፤ ከሩቅ ሲያዩት ያምራል፤ ዋጋውም የሚስብ ነው። መለየት ይቻላል። ጨርቁን ገልብጡት። የታተመው ጀርባው የደበዘዘ ነው፤ በሸማኔ የተሠራው ቀለሙ ወደ ጀርባም ያልፋል። ጠርዙን እዩ፤ የሸማኔ ሥራ ጠርዝ የራሱ ነው፤ የማሽኑ ተቆርጦ የተሰፋ ነው። ባለሱቁንም በግልጽ «ይሄ የሸማኔ ነው ወይስ የማሽን?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔ የጠየቅኳቸው አብዛኞቹ እውነቱን ነግረውኛል፤ የማይጠይቅ ሰው ግን የሚያምረውን ብቻ ይዞ ይወጣል። የታተመውን የሚገዛ ሰው ነውር አልሠራም። አቅሙ ያ ብቻ የሆነ ብዙ ሰው አለ፤ ጥምቀትም ይደርሳል፤ «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ተብሏል። በዶላር የምንከፍል እኛ ግን ያንን ለመግዛት ምክንያት የለንም።

ክርክሩ ላይ እናተኩር። «የመጨረሻው ስንት ነው?»፣ «አያዋጣኝም የኔ እናት»፣ «በቃ ልሂድ»፣ «ነይ ነይ፣ ነይ ውሰጂ» የገበያችን ወግ ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። ከዱባይ የመጣ ጫማ ላይ እስኪደክማችሁ ተከራከሩ። ሽሮ ሜዳ ላይ ግን ባለሱቁ የቀነሰላችሁን ብር በብዛት የሚያወርደው ወደ ሸማኔው ነው፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሥራውን ይዞ ሲመጣ በዚያው ልክ ዝቅ አድርጎ ይቀበለዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ነገሩ ተባብሷል። ከዚያ በፊት በባንክ ከ60 ብር በታች የነበረው ዶላር በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ80 አለፈ፤ ብዙ ሳይቆይም መቶን ተሻገረ። ለእኛ ቀሚሱ ረከሰ፤ ለሸማኔው ግን ሽሮውም ዘይቱም ተወደደ። በዚህ መሐል ሃያ ዶላር የማይሞላ ልዩነት ላይ ግማሽ ሰዓት መከራከር ከእኛ የሚጠበቅ አይደለም። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን፣ ሸማኔውን ጨምሮ፣ የሚሰድብ እንዲቀጣ ያስነገሩት አዋጅ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ስድቡ ቀንሷል፤ የሥራውን ዋጋ መስጠቱ ግን ገና ይቀረናል።

ስለ ስጦታ አሰጣጥም ትንሽ ልበል። አሜሪካ ልጅ የምትወልድ ሴት የምትፈልገውን ዕቃ ዝርዝር ሱቅ ታስመዘግባለች፤ ጓደኛ ከዝርዝሩ መርጦ ይገዛል፤ ተጠቅልሎ የመጣው በሰው ፊት ተከፍቶ ይመሰገንበታል። አገር ቤት አብዛኛው ሰው ስጦታውን ተቀብሎ ያስቀምጣል እንጂ ሰጪው ፊት አይከፍትም። ወላጆች፣ እዚህ ለሚኖሩ ልጆቻችሁ ይህን አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ አያት ሻንጣውን ሳይከፍቱ ወደ ጓዳ ሲያስገቡት ስጦታው ያልተወደደ መስሎ እንዳይከፋቸው።

ከአዲስ አበባ ስትመለሱ ለአሜሪካ ወዳጆቻችሁ ነጠላ ያዙ። ቀላል ነው፤ ሻንጣ አይሞላም፤ ፈረንጅ እንደ አንገት ልብስ ያደርገዋል። አጠባበቁንም ንገሯቸው፦ በቀዝቃዛ ውሃ፣ በእጅ፣ ድራየር ውስጥ ፈጽሞ እንዳይገባ። ጥጥ ነውና ይሰበሰባል፤ ጥበቡም ይጨማደዳል።

መሄድ ያልቻላችሁ ከሲልቨር ስፕሪንግና ከአሌክሳንድሪያ የሐበሻ ሱቆች መግዛት ትችላላችሁ፤ ስትገዙ ጨርቁን መገልበጥ አትርሱ። ከዚያ የሚሻለው ግን ሽሮ ሜዳ ያለ ዘመድ ወይም የታመነ ባለሱቅ አግኝቶ በቀጥታ ማዘዝ ነው። ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ የትከሻ ስፋት፣ የእጅጌ ርዝመትና ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት ያለውን ቁመት በሴንቲሜትር ለክታችሁ ላኩ፤ ኢንች አትጠቀሙ። የጥበቡን ፎቶ ከፊትም ከጀርባም አስልኩ። ቀብዱን አታዘግዩ፤ ሸማኔው ክር የሚገዛው በእሱ ነው። የበዓል ሰሞን ሥራ ይደራረባል፤ ለጥምቀት የምታዝዙ ካላችሁ ልካችሁ እስከ ኅዳር አጋማሽ ሽሮ ሜዳ ይድረስ።