ስለ ክርክር

ልጆች ሆይ፥ ሰው ከሰው ጋር መከራከሩ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። ክፉ የሚሆነው ሳይሰሙ ሲመልሱ ነው። ይህንንም በገበያ፥ በጠላ ቤት፥ በለቅሶ ቤት እንኳ ሳይቀር ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ይልቁንም ነገሩ ስለ ሃይማኖት ወይም ስለ መንግሥት የሆነ እንደ ሆነ ጩኸቱ ይበረታል፥ ዕውቀቱም ያንሳል።

ሁለት ገበሬዎች ጎረቤቶቼ ነበሩ። እያንዳንዳቸው አንድ አንድ በሬ ብቻ ስለ ነበራቸው ቅንጃ ሆነው ዛሬ የአንዱን፥ ነገ የሌላውን እርሻ ያርሱ ነበረ። አንደኛው ኦርቶዶክስ፥ ሁለተኛው ፕሮቴስታንት ነበረ። በሰኔ ወር አንድ ቀን ጥማዳቸውን ፈትተው በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሳሉ የሃይማኖት ነገር ተነሣ። የመጀመሪያው «እናንተ ጾም የማታውቁ ናችሁ» አለ። ሁለተኛውም «እናንተ ደግሞ መጽሐፍ ቅዱስን የማታነቡ ናችሁ» ሲል መለሰ። ሁለቱም የተናገሩት ስሕተት ነበረ። ፕሮቴስታንቶች ይጾማሉ፤ ቀኑና ሥርዓቱ ቢለይ ነው እንጂ። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም ቅዳሴ በተቀደሰ ቍጥር ከጳውሎስ መልእክት፥ ከሌሎቹ ሐዋርያት መልእክት፥ ከሐዋርያት ሥራ፥ ከመዝሙረ ዳዊትና ከወንጌል ይነበባል። አንዱ «ወንድሜ፥ እናንተ እንዴት ትጾማላችሁ?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ ነገሩ አንድ ስኒ ቡና እስኪጠጣ ድረስ እንኳ ባልቆየ ነበር። ነገር ግን ጠያቂ አልነበረም፤ እኔ ለማስታረቅ የተናገርሁትንም የሰማ የለም። በማግስቱ እያንዳንዱ በሬውን ለብቻው ነዳ። ነጠላ በሬ አያርስም፤ ዝናብም ሰውን አይጠብቅም። በዚያ ዓመት የሁለቱም እርሻ እኩሌታው ጦሙን አደረ። ልጆቻቸውም ያልተከራከሩበትን የክርክር ዕዳ ከፈሉ፤ በሚቀጥለው ክረምት በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ይበሉ ነበረ።

ስለ መንግሥት የሚደረገውም ክርክር ከዚህ አይሻልም። አንድ ጊዜ በአውቶቡስ ስሄድ ሁለት ሰዎች «በዓድዋ ድል ያደረገው የእኛ አገር ሰው ነው» እየተባባሉ ሊማቱ ደረሱ። «የእኛ አገር» ሲሉም እያንዳንዱ የተወለደበትን አውራጃ ማለቱ ነበረ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ከዐፄ ምኒልክና ከእቴጌ ጣይቱ ጋር የሐረሩ ራስ መኰንን፥ የትግራዩ ራስ መንገሻ፥ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፥ የወሎው ራስ ሚካኤል፥ ራስ አሉላም ከየሠራዊታቸው ጋር ተሰልፈው ነበረ። ይህን የሚያውቅ ሰው የሚጣላበት ነገር ያጣል።

አባቶቻችን ለክርክር ሥርዓት ነበራቸው። በጥንቱ ሙግት ተሟጋቾች በዳኛ ፊት ቆመው ተራ በተራ ይናገሩ ነበረ፤ ሙግቱም «ተጠየቅ ልጠየቅ» ይባል ነበረ። የቃሉን ትርጓሜ ልብ በሉ፤ እኔ እጠይቅሃለሁ፥ አንተም ትጠይቀኛለህ ማለት ነው። በየመንገዱ የምንሰማው ክርክር ግን መጠየቁ ቀርቶ መልሱ ብቻ የተረፈ ነው። እንደዚሁም በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት የመጻሕፍት መምህር አንዱን ቃል ከተረጐመ በኋላ «አንድም» ብሎ ሁለተኛ ትርጓሜ፥ ዳግመኛም «አንድም» ብሎ ሦስተኛ ይጨምራል፤ ስለዚህ ትርጓሜው «አንድምታ» ተባለ። ይህችን አጭር ቃል እጅግ እወዳታለሁ፤ ሁለተኛውን ስታመጣ የፊተኛውን አታባርርም። አባቶቻችን ሁሉ ታጋሾች ነበሩ ማለቴ ግን አይደለም፤ በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ የተደረገው የሃይማኖት ጉባኤ የተፈጸመው በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ትእዛዝ ነው።

እኔ በማስተምርበት ክፍል አንድ ሥርዓት አኑሬአለሁ። ተማሪ ለባልንጀራው ከመመለሱ አስቀድሞ ባልንጀራው የተናገረውን ነገር ይደግማል፤ ያም «አዎን፥ እንዲህ ብያለሁ» እስኪል ድረስ መልስ መስጠት አይፈቀድለትም። በመጀመሪያው ቀን «ገበሬ ይበልጣል ወይስ ነጋዴ?» በሚለው ነገር ተከራከሩ። አንዲት ልጅ ስለ ገበሬ ተናገረች። ስለ ነጋዴ የሚናገረው ልጅ ቃልዋን ለመድገም ሦስት ጊዜ ሞከረ፤ ሦስቱንም ጊዜ «አላልሁም» አለችው። በአራተኛው «አዎን» አለች፤ ደወሉም በዚያው ተደወለ።